መንግሥት ደጃችን የደረሰበት ዘመን

ባሻ ወልዴ ችሎት ከታላቁ ቤተ መንግሥት በእግር ጥቂት መንገድ ነው። የዚያ ሰፈር ልጆች የፓርላማውን ሰዓት እያየን ትምህርት ቤት የምንሄድ፣ የክብር ዘበኛ ሰልፍ ሲመጣ ሮጠን የምንደርስ፣ ጃንሆይ በመኪና ሲያልፉ ከመንገድ ዳር ቆመን እጅ የምንነሣ ነበርን። ይህ ሁሉ ቅርበት እያለ ግን መንግሥት የሚባለው ነገር ግቢያችን አይገባም ነበር። በግቢው ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር፣ ማን ከሥራ እንደወጣ፣ ከገጠር የመጣው እንግዳ መቼ እንደሚመለስ አጣርተው የሚያውቁት ኪራይ የሚቀበሉት የግቢው ባለቤት እትዬና የእድሩ ጸሐፊ ብቻ ነበሩ። ሰው ሲሞት እድር ጥሩምባ ያስነፋል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ የንስሐ አባት ይጠራሉ፤ ጠቡ ከባሰ አጥቢያ ዳኛ ዘንድ ይኬዳል። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከመንግሥት ጋር የነበረው ጉዳይ ከዚያ አያልፍም።

ይህን ስል ያ ዘመን ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። የግቢው ሁሉ ኑሮ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ኪራይ የዘገየበት አባወራ ዕቃው በማለዳ ደጅ ወጥቶ፣ ልጆቹ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው አይቻለሁ። ለእሱ የሚቆምለት ሕግ ቢኖርም እኛ ዘንድ አልደረሰም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥልጣንን ወደ ማዕከል በመሰብሰብ ትልቅ ሥራ የሠሩ ንጉሥ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሰጡ። ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1934 ባወጡት ድንጋጌ የጠቅላይ ግዛት ገዥዎችን ደመወዝተኛ አደረጉ፤ ግብሩም በየመኳንንቱ እጅ መቅረቱ ቀርቶ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ግምጃ ቤት መግባት ጀመረ። መስፍን የራሱን ጦር ይዞ ንጉሥ የሚገዳደርበት ዘመን በእሳቸው አበቃ። ይህ ሁሉ ግን የላይኛውን እንጂ የታችኛውን አልነካም። ገጠሩ በባለርስቱና በጭቃ ሹሙ፣ ከተማው በመሬት ባለቤቱና በቤት አከራዩ በኩል ይገዛ ነበር። መንግሥት የሚተዋወቀው ከእነሱ ጋር ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ያወረደው ደርግ፣ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ያላቸው ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች የተሰበሰቡበት ጉባኤ ነበር። ፓርቲ የለውም፤ በየመንደሩ የሚያውቀው ሰው የለውም፤ ሠራዊቱም ሙሉ በሙሉ አልታዘዘለትም። እንዲህ ያለ ጉባኤ 17 ዓመት መግዛት እንዴት ቻለ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በጠብመንጃ ነው የሚል ይበዛል። ጠብመንጃው ሐሰት አይደለም። እኔ ግን ከጠብመንጃው በፊት የመጣውን በልጅነት ዓይኔ ስላየሁ፣ የምናገረው ስለዚያ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ክረምት ነው፤ ዝናቡ አላባራም። ራዲዮ የነበረው ጎረቤታችን ድምፁን ከፍ አድርጎ በሩን ከፈተውና ግቢው ሁሉ ከደጁ ተሰበሰበ። ከእንግዲህ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ በግማሽ ይቀነሳል። ከመቶ ብር በላይ የሚከራየው ቤት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሄድ፣ እኛን የመሰለው ድሃ የሚኖርበት ሁሉ በየሰፈሩ ለሚቋቋም የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተሰጠ። ያ ማኅበር ነው ከዚያ ወዲህ ቀበሌ ተብሎ የቀረው።

እናቴ እልል አለች። እትዬ በራቸውን ዘግተው ዋሉ። ማታ እናቴ ቡና አፍልታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለቅሶ እንደሚደረስ ሆና ወደ እትዬ ቤት ገባች። «እግዜር ያጽናዎት» ስትላቸው ከኋላዋ ቆሜ ሰምቻለሁ። ጠዋት እልል ያለችውም፣ ማታ ያጽናናችውም ከልቧ ነበር። አዋጁ ትክክል መሆኑን ዛሬም አምናለሁ፤ የእትዬን ዓይን ግን ያየሁ ሰው ነኝ።

በዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ ደርግ ከላይኛው ቤተ መንግሥት እስከ ታችኛው ጎጆ ድረስ በመካከል ቆሞ የነበረውን ሁሉ አነሣው። ባለርስቱ ሄደ፤ አከራዩ ሄደ። የትርፍ ቤት ባለቤት የነበሩ ሰዎች ለጊዜው በቀበሌ ምርጫ እንዳይመርጡና እንዳይመረጡም ተደረገ። እነዚያ ሰዎች የቆሙበት ቦታ ባዶውን አልቀረም።

መጀመሪያ የመጡት ወጣቶች ነበሩ። አንዱ ሰፊ መዝገብ ታቅፏል፤ አንዷ ቀለምና ብሩሽ ይዛለች። በየበሩ ቁጥር ጻፉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤታችን «ከቁልቋሉ አጠገብ ያለው» ነበር የሚባለው። ከዚያ አባቴን ስሙን ከነአያቱ፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ስም፣ የት እንደሚማሩ፣ ከእኛ ጋር የሚኖር ሌላ ሰው እንዳለ እየጠየቁ ጻፉ። አባቴ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ግን አንድም ነገር አልደበቀም። ለምን ይደብቃል? ኪራዩን በግማሽ የቀነሰለት መንግሥት ነው የጠየቀው። የኪራይ ደብተር የሚሰጠው፣ መታወቂያ የሚሰጠው፣ ኋላም ስኳር የሚሰጠው በዚያ መዝገብ ነው። እናቴ እንዲያውም «ገጠር አያቷ ዘንድ ያለችውንም ልጄን ጻፉልኝ» ብላ ለምናለች። እነዚያ ወጣቶች ክፉ አልነበሩም። አብዛኞቹ ድሃው ሰው ቤት አገኘ ብለው በደስታ የሚሠሩ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው የሰፈር ልጆች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የተወሰኑት ሁለት ዓመት ሳይሞላ በዚያው መዝገብ ተፈልገው ተይዘዋል።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ መሠረቱ ያ መዝገብ ነው። ሥልጣን የሚሰፋው በአዋጅና በሰልፍ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ሰውን በየስሙ፣ በየቤቱ፣ ከነልጆቹ ያላወቀ ገዥ ሊቀጣ ይችላል፤ ሊያዝዝ ግን አይችልም። ሰውንም በየስሙ ለማወቅ ከማስፈራራት ይልቅ መስጠት ይቀላል። የሚፈራ ሰው ይደበቃል፤ የሚሰጠው ነገር ያለ ሰው ግን ራሱ መጥቶ ይመዘገባል። ደርግ ይህን አስቀድሞ አስልቶት ነበር ለማለት ድፍረት የለኝም። አዋጁን ያረቀቁት ምሁራን ሕዝቡ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርበት መዋቅር ነበር የታያቸው። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተሠራ መዋቅር ሠሪው ያሰበውን ብቻ አይሠራም።

ከተወረሱት ቤቶች ሰፊው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ስለዚያ ቤት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ቢጻፍ አይበዛበትም። የፊተኛው ሳሎን እሑድ እሑድ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ቅዳሜ በማይክራፎን ይለፈፋል፤ ያልተገኘ ይቀጣል። በሳምንቱ ውስጥ ያው ሳሎን የፍርድ ሸንጎው ችሎት ይሆናል፤ የዕዳ፣ የስድብ፣ የውኃ ጠብ እዚያ ይታያል። ሸንጎው ለድሃ ፈጣን ፍርድ ይሰጥ እንደነበር መካድ አይገባም። ጠበቃ የማይቆምላት ባልቴት የተከራከረችውን አሸንፋ ስትወጣ አይተናል። ማታ ማታ የኪነት ቡድኑ ይለማመድበታል። የያኔው ከበሮና አኮርዲዮን እስከ እኛ ግቢ ይሰማል፤ ብዙ ድምፃውያን የወጡት ከየቀበሌውና ከቀበሌ በላይ ከነበረው ከየከፍተኛው ኪነት ነው። ከሳሎኑ ጀርባ የነበሩት የሠራተኞች ክፍሎች ደግሞ እስር ቤት ሆኑ። በመካከላቸው ያለው አንድ ግድግዳ ነው። ከበሮው ሲያቆም ሌላ ድምፅ የሚሰማበት ሌሊት መጣ።

በ1969 መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ለቀበሌዎች ሰፊ ሥልጣን ሰጠ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓዶችም ታጠቁ። በዚያው ሰሞን፣ መስከረም 13፣ በደርጉ ምክትል ሊቀመንበር በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ደርግን የሚቃወመው የግራ ፓርቲ ኢሕአፓ የቀበሌ ሹማምንትን መግደል ጀመረ፤ ቀበሌዎቹም ኢሕአፓ ናችሁ የተባሉትን። ሌላው የግራ ድርጅት መኢሶን የቀበሌን መዋቅር የራሱ መሠረት አድርጎ ለመያዝ ከደርግ ጎን ቆመ። ጥር 26 ቀን 1969 የደርጉ ሊቀመንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት በታላቁ ቤተ መንግሥት ተገደሉ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሻለቃ መንግሥቱ ቃል የመጨረሻ ሆነ። ተኩሱ የተሰማው ከሰፈራችን በላይ ነው። በነሐሴ መኢሶንም ከደርግ ጋር ተለያይቶ ወደ ኅቡዕ ገባ። በኅዳር 1970 የደርጉ ምክትል ሊቀመንበር ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተገደሉ። የተማረው ክፍል መዋቅሩን ሠራ፤ ስለ መዋቅሩ እርስ በርሱ ተላለቀ፤ በመጨረሻም ባለቤት ሆኖ የቀረው አንድ ሰው ነው።

በመጋቢት 1969 የተደረገውን አሰሳ ከሰፈራችን ሰው የሚረሳው የለም። ከተማው ተዘጋ። ታጣቂዎች በየግቢው ገብተው ሁሉንም ሰው ደጅ አስወጡና መዝገቡን እያዩ ስም ይጠሩ ጀመር። ጣራ ፈተሹ፤ ጆንያ ወጉ፤ ጉድጓድ ቆፈሩ። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፦ መዝገብ ላይ የሌለ ሰው። የጎረቤታችን የእህት ልጅ ከደሴ መጥቶ ጥቂት ሳምንት ተቀምጦ ነበር። አክስቱ «እንግዳ ነው፣ ሥራ ሊፈልግ የመጣ ልጅ ነው» ብላ መሬት ላይ ተንበረከከች። ልጁን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ ማታ ማታ ሒሳብ የሚያስጠናኝ እሱ ነበር። ወሰዱት። አልተመለሰም። ለቅሶ መቀመጥ የተከለከለ ስለነበር አክስቱ ያለቀሰችው በር ዘግታ ነው፤ እናቴም ቡና አፍልታ ልትገባላት አልቻለችም።

እንዲህ ያለ ነገር ባለበት ሰፈር ሕይወት እንዴት ቀጠለ ብለው ልጆቼ ይጠይቁኛል። ቀጠለ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያው ቀበሌ የወጣ መልካም ነገርም ነበር። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። በ15 የሀገራችን ቋንቋዎች የሚያስተምር፣ ዩኔስኮ የሸለመው ዘመቻ ነው። ያ ሳሎን ማታ ማታ የእናቶች ክፍል ሆነ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው እዚያ ነው። አስተማሪዋ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቴ ጣቷን ቀለም እየነከረች ትፈርምበት የነበረውን የኪራይ ደረሰኝ በእጇ ጽሕፈት የፈረመችበትን ቀን ሳስታውስ፣ ይህን ያደረገውን መንግሥት በሙሉ ልቤ መጥላት ያቅተኛል። ያ ክፍል ከእስር ቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሳስታውስ ደግሞ መውደድ አልችልም። ሁለቱ አብረው የነበሩ ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሚያወራ ሰው ዘመኑን አልኖረበትም።

ስለ ቀበሌ ሱቁ ሰልፍም ልናገር። ሱቁ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ጤፍ በኩፖን ያድል ነበር። ጤፉ ከገበሬው ላይ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ የተገዛ ነው። እኛ በርካሽ ስንበላ ገበሬው ከገበያ በታች እየሸጠ እንደነበር ያኔ ማን ነገረን? ሰልፉ ሌሊት ይያዛል። ሰው በሌለበት ድንጋይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ባለቤቱ ይታወቃል፤ የሌላን ድንጋይ ያነሣ ሰው ስሙ ይጠፋል። በዚያ ሰልፍ የተዋደዱ፣ ያገቡ አሉ። ሴቶች ሙያ ተለዋውጠዋል፤ አሮጊቶችን ወደ ፊት እያሳለፍን አድገናል። ይህ ፍቅር እውነት ነበር፤ የናፈቀን እሱ ነው።

የሚታደለው በቤተሰብ ብዛት ነው። ስለዚህ ሁሉም ቤት ስሙ ሳይጎድል ለመጻፍ ይተጋ ነበር። እናቶች የልጆቻቸውን ስምና ዕድሜ ራሳቸው እየሄዱ አስመዘገቡ። በ1969 ሶማሊያ ስትወር ቀበሌው ሚሊሻ መልምሎ ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሲልክ፣ እናቶች በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅተው በእልልታ ሸኝተዋል፤ ሀገር ተወርራለችና ማንም ማስገደድ አላስፈለገውም። በ1975 ግን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ሊያገለግል ነው። ቀበሌው ማንን መጥራት እንዳለበት ለማወቅ በየቤቱ መዞር አላስፈለገውም። በእናቶች አፍ የተነገረው ዕድሜ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ይጠብቃል። የልጇን ስም ለማሰረዝ የሞከረች እናት ስኳሩም፣ መታወቂያውም አብሮ ይሰረዛል። ኋላ ጦርነቱ ሲበረታ ወጣቱን ከመንገድ ላይ መያዝ መጣና አፈሳ ተባለ። የሰፈራችን ልጆች ሰሜን ሄደው ስንቶቹ እንደቀሩ ሁሉም ግቢ በየራሱ ያውቀዋል።

ከላይ ያለው ግንባታ የመጣው ከቀበሌውና ከመዝገቡ በኋላ ነው። በ1972 የፓርቲ አደራጁ ኮሚሽን ኢሠፓአኮ፣ ከዚያም የሠራተኞቹ ፓርቲ ኢሠፓ፣ በመጨረሻም ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ ኢሕዲሪ ተመሠረቱ። የወጣቱ ማኅበር፣ የሴቶቹ ማኅበር ተዋቀረ። በ1977 መስከረም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ በሰሜን በኩል ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ነበር። በበዓሉ ሰልፍ ላይ በቀበሌያችን መፈክር ሥር የቆምን ሁሉ ስማችን ተመዝግቧል። ስለ ረሃቡ ግን የሰማነው ዘግይተን ነው።

ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ከሀገር ወጡ፤ ግንቦት 20 ደርግን ሲወጋ የቆየው ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። የቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቶ ሰነበተ። ብዙዎቻችን ዳግም አይከፈትም ብለን ነበር። ተከፈተ። መጀመሪያ የሰላምና መረጋጋት ኮሚቴ ገባበት፤ ጠረጴዛው ያው ነው፤ የኮሎኔሉ ፎቶግራፍ ብቻ ከግድግዳው ወርዷል። መታወቂያ ለማውጣት የሄድኩ ጊዜ ስሜ የተገኘው ያው ጥቁር ሽፋን ባለው መዝገብ ውስጥ፣ በዚያች ቀለምና ብሩሽ ይዛ በነበረችው ልጅ እጅ ጽሕፈት ነው።

ደርግን ታግሎ የጣለው ኃይል የደርግን ብዙ ነገር አፍርሷል፤ ሠራዊቱን በትኗል፤ ሹማምንቱን ለፍርድ አቅርቧል። ቀበሌን ግን አላፈረሰም። መሬትም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ጸና፤ የ1967ቱ የቤት ኪራይም ለአሥርት ዓመታት ሳይጨምር ቆየ። በ1995 አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተማና በ203 ቀበሌ ተዋቀረች፤ ኋላም ቀበሌው ወረዳ ሆነ፤ አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀትም መጣ። አሸናፊ ሁሉ ከተሸናፊው የሚረከበው ነገር አለ። እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ በዚህች ሀገር ዙፋን የያዘ ሁሉ ካገኘው ቅርስ አንድም ጊዜ ያልጣለው ሰውን በየቤቱ የሚያገኝበትን ይህን መንገድ ነው። የታገሉትን ወጣቶች ሳስብ የሚቆጨኝም ይኸው ነው። ማን ይግዛ በሚለው ላይ ሕይወታቸውን ሰጡ፤ ገዥው እጁን እስከ የት ድረስ ይዘርጋ የሚለውን ግን የጠየቀ አላየሁም።

ሰፈራችን በልማት ሲነሣ የመጣው ኮሚቴም መዝገብ ይዞ ነበር። የቀበሌ ቤት ኪራይ ደብተር ያለው ሰው ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት መምረጥ ይችል ነበር። እናቴ ደብተሯን አሳየች፤ ቁጥሩ ተገኘ፤ ተስተናገደች። ደባሎች ግን ነበሩ። በሰው ቤት ጓዳ፣ በቆጥና በቅጥያ ክፍል ውስጥ ልጅ የወለዱ፣ ልጆቻቸውን ያስተማሩ፣ እድር የሚከፍሉ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ላይ ያልገባ ሰዎች። እናቴ ከእነሱ ለአንዷ ልትመሰክር ተነሣች። «ከሃያ ዓመት በላይ አብራን ኖራለች፣ ልጇን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለች። ሠራተኛው በትሕትና «እማማ፣ የሰው ምስክር አንቀበልም፤ የምናየው መዝገብ ነው» አላት። እናቴ ያ ሁሉ ጎረቤት እያለ ምስክር የማይቆጠርበት ምክንያት ሊገባት ስላልቻለ ደጋግማ ጠየቀችው። ሴትየዋ ከነልጆቿ ዘመድ ዘንድ ተጠጋች፤ ሰፈሩም በዚያው ወር ፈረሰ።